ስለ ትንንሽ የሊቲየም ባትሪዎች አመራረጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሐዋሳ ከተማ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጠኑ ትንሽ ነው። ከአንድ ብር ሳንቲም እንኳ በሚያንስ አንድ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ይህን ያህል ሰዓት ማጥፋት ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የመሣሪያ ንድፍ በምናወጣበት ጊዜ ስለ ሰርኪዩቱ ወራት ስንከራከር ቆይተን፣ ባትሪውን በመጨረሻው ሳምንት በሳጥኑ ውስጥ በተረፈው ቦታ ልክ የምንመርጥ ብዙዎች ነን። በእኔ አስተያየት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ ይኖርበታል። ምክንያቱን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ከቋንቋችን ልነሣ። ሕዝባችን ለራዲዮና ለእጅ ባትሪ የሚያገለግለውን ሴል «ድንጋይ» ብሎ ሰየመው። ስሙም ከጠባዩ ጋር የተስማማ ነበር፤ ዚንክና ካርቦን ያለበት የዱሮው ሴል ቢወድቅም ቢጣልም እንደ ድንጋይ ዝም የሚል ዕቃ ነውና። ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ አልፎ ተርፎም በጥርስ መንከስ የተለመደ ነበር። ይህ ልማድ መሠረት የለውም ብሎ መሳቅ አይገባም። ሙቀት በውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ እንቅስቃሴ ስለሚያፋጥን፣ የደከመው ድንጋይ ነቅቶ የማታውን ዜና ያሰማል። ችግሩ ልማዱ ወደ ሊቲየም ሲሻገር ነው። የሊቲየም ሴል የሚሠራበት ፈሳሽ በአብዛኛው ተቀጣጣይ ነው፤ ሊቲየም ብረቱ ራሱም ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይዋሐዳል። እንዲህ ያለውን ሴል የነከሰ፣ ያሰጣ፣ ወይም ወደ ከሰል ምድጃ የወረወረ ሰው የሚያገኘው መልስ ከዱሮው ድንጋይ መልስ የተለየ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል አስቸጋሪ ከሆነ ለምን እንመርጠዋለን? ሊቲየም ከብረቶች ሁሉ የቀለለ ነው፤ ኤሌክትሮን ለመልቀቅም እጅግ የፈጠነ ነው። ስለዚህ የዱሮው ድንጋይ 1.5 ቮልት በሚሰጥበት ቦታ የሊቲየም ሴል 3 ቮልትና ከዚያም በላይ ይሰጣል። አንድ ሴል ብቻ አንድ ሙሉ መሣሪያ ለማንቀሳቀስ ይበቃል ማለት ነው። በነገራችን ላይ ይህ ብረት ለእኛ የሩቅ እንግዳ አይደለም። ከዚህ ከተማ በስተደቡብ በጉጂ ዞን የሚገኘው ቀንጢቻ ለብዙ ዓመታት በታንታለም ማዕድኑ ሲታወቅ ቆይቷል፤ በዚያው አለት ውስጥ ስፖዱሚን የተባለው የሊቲየም ማዕድን አለ። ከአለቱ እስከ ሴሉ ያለው መንገድ ግን ረዥም ስለሆነ ለጊዜው ልተወው።

በገበያ «ሊቲየም» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ዕቃዎች በጠባያቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው የስሕተት ምንጭ ይህ ነው። የመጀመሪያው ልዩነት የማይሞላና የሚሞላ መሆኑ ነው። ከማይሞሉት መካከል በብዛት የምናውቀው ሲ አር 2032 የተባለው ነው። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። «ሲ» የሚለው ፊደል ከሊቲየሙ ጋር ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ እንዳለ ያመለክታል። 3 ቮልት ይሰጣል፤ ዐቅሙ 220 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። በመጋዘን ቢቀመጥ በዓመት የሚያጣው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው ባለ 3.6 ቮልቱ የሊቲየም ቲዮኒል ክሎራይድ ሴል ሲሆን፣ የተራ ድንጋይ ቁመትና ውፍረት ያለው ኢ አር 14505 የተባለው 2,400 ሚሊአምፔር-ሰዓትና ከዚያ በላይ ይይዛል። ለውሃና ለመብራት ቆጣሪዎች የሚመረጠውም ይኸው ነው። ከሚሞሉት ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ሶኒ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ሴልና ዘመዶቹ ይገኛሉ። መሠረቱን የጣሉት ሦስት ሊቃውንት፣ ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

መልክ አንድ ሆኖ ጠባይ ሲለያይ ምን እንደሚከተል አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኤል አይ አር 2032 የሚባል የሚሞላ ሴል አለ። ከሲ አር 2032 ጋር ሲተያይ መንትያ ይመስላል፤ በዚያው ማቀፊያም በልክ ይገባል። ነገር ግን ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ዐቅሙም 40 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። «የሚሞላ ከሆነማ ይሻላል» ብሎ የለወጠ ሰው፣ ከ3.6 ቮልት በላይ የማይችለውን ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል፤ ባያቃጥልም የመሣሪያውን ዕድሜ ወደ አምስተኛ እጅ ያወርደዋል። በተቃራኒው፣ የማይሞላውን ሲ አር 2032 ባትሪ መሙያ ባለበት ሰርኪዩት ላይ ማስገባት ከዚህም የከፋ ነው፤ በግድ የተሞላ ሴል ያብጣል፣ ይፈነዳልም።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልሻገር። ጉዳዩ የራሳችንን አየር መንገድ ስለሚመለከት ሁላችንም ልናውቀው ይገባል።

በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር ቦይንግ 787 የተባለው አዲስ አውሮፕላን በዋና ባትሪዎቹ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታግዶ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። እገዳው ሲነሣ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. መንገደኞችን ይዞ በመጀመሪያ የበረረው «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነበር። ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ እንዳለፈ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ይኸው አውሮፕላን በለንደን ሒዝሮው ማረፊያ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ ከጭራው አካባቢ ጢስ ታየ። ዓለም ሁሉ «እንደገና ያ ባትሪ» አለ። ግን ያ ባትሪ አልነበረም።

የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች ነሐሴ 13 ቀን 2007 ዓ.ም. ባወጡት የመጨረሻ ዘገባ ምክንያቱን ገለጹ። እሳቱ የተነሣው አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ በራዲዮ ከሚጠቁመው አነስተኛ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የራሱ ባትሪ አለው፤ ሴሎቹም የማይሞሉ የሊቲየም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ሴሎች ናቸው። ልብ በሉ፤ ይህ በሰዓታችንና በኮምፒውተራችን ውስጥ ካለው ሲ አር 2032 ጋር አንድ ዓይነት ኬሚካል ነው፤ የሚለየው በመጠን ነው። የባትሪው ሁለት ሽቦዎች ተጠላልፈው በባትሪው ክፍል ክዳን ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ከጊዜ በኋላ እርስ በርሳቸው ሳይገናኙ አልቀረም፤ እኛ ሾርት የምንለው መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ከሴሎቹ አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ባዶ ሆነ። አንድ ሴል ጋለ፤ ሙቀቱ ሙቀት እየወለደ መቆም ወደማይቻልበት ደረጃ ደረሰ፤ በሴሎቹ መካከል መለያ ስላልነበረም ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። የአውሮፕላኑ አካል ከተሠራበት ድብልቅ ቁስ ውስጥ ያለው ሙጫም ነዶ፣ የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላ እንኳ እሳቱ ቀስ እያለ ቀጠለ።

በዚህ ዘገባ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ መከላከያው ነው። ባትሪው መከላከያ አልነበረውም አይባልም። ሲሞቅ ተቃውሞው የሚጨምርና የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚያፍን ክፍል ተገጥሞለት ነበር። መርማሪዎቹ የደረሱበት ግን፣ ይህ ክፍል የታሰበውን ያህል ከሾርት አልጠበቀም፤ የሚቆርጥበት ነጥብ እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ መሆኑና ከቆረጠ በኋላ ወደ ቀድሞው ሁኔታ የመመለስ ጠባዩም በንድፉ ጊዜ በሚገባ ስለ መታሰቡ ማስረጃ አልተገኘም። እንግዲህ በባትሪው ወረቀት ላይ «መከላከያ አለው» የሚለውን ቃል ባየን ጊዜ፣ ከምን፣ በስንት አምፔር፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ ለምን ያህል ጊዜ ብለን እንጠይቅ። የሽቦው አቀማመጥም የመገጣጠሚያ ሠራተኛ ጉዳይ ነው ተብሎ አይተው። በንድፉ ላይ ሽቦው የሚያልፍበት ቦይ ካልተሳለ፣ ክዳኑን የሚዘጋው ሰው ሽቦውን በታየው ቦታ ይጠቀጥቀዋል።

በዘገባው የተነሣው የቀድሞ ባዶ የሆነ ሴል ጉዳይም ለእኛ ለትንንሾቹ መሣሪያዎች ባለቤቶች የቀረበ ነው። ሴሎች በተከታታይ ሲታሰሩ ከመካከላቸው ደካማው ቀድሞ ያልቃል፤ ብርቱዎቹ ግን ፍሰቱን በእርሱ ውስጥ እያሳለፉ በግድ ወደ ተቃራኒ ያዞሩታል። ስለዚህ የምመክረው፣ የሚቻል ከሆነ በአንድ ሴል መሥራት ነው። ካልተቻለም አሮጌና አዲስ አለማደባለቅ፣ ከአንድ ጊዜ ምርት የወጡትን በአንድነት መለወጥ ነው። በገጠር ጤና ጣቢያዎችና በትምህርት ቤቶች የምናየው ልማድ ግን «ይህኛው ገና ነው» እያሉ አንዱን ብቻ መቀየር ነው።

ከአደጋው ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ምሳሌዬን ከዚሁ ከሐይቃችን ልውሰድ። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ በጥቁር ውሃ በኩል የሚገባው ውሃ የሚወጣው በትነትና በከርሰ ምድር ነው። ስለዚህ የሐይቁን ከፍታ ሳያቋርጡ መመዝገብ ለዚህ ከተማ ትልቅ ቁም ነገር ነው። እንበልና የውሃውን ከፍታ እየለካ በራሱ ማኅደር የሚይዝ አነስተኛ መሣሪያ እንሥራ። ሲተኛ 5 ማይክሮአምፔር ይጠቀማል። በየ15 ደቂቃው ለ2 ሰከንድ ይነቃል፤ በዚያን ጊዜ 10 ሚሊአምፔር ይጠቀማል። 2 ሰከንዱን ለ900 ሰከንድ ስናካፍለው የመንቃቱ ድርሻ በአማካይ 22 ማይክሮአምፔር ይሆናል፤ በጠቅላላው 27። በዚህ አማካይ አንድ ሲ አር 2032 በወረቀት ላይ የሚቆየው 11 ወር ያህል ነው። የመጀመሪያው ሐሳባችን ትልቅ ባትሪ እናድርግ የሚል ይሆናል። ነገር ግን በየ15 ደቂቃው መለካቱን ትተን በየሰዓቱ ብናደርገው፣ አማካዩ ወደ 10.6 ማይክሮአምፔር ወርዶ ዕድሜው ወደ 2 ዓመት ከ4 ወር ይደርሳል። ሐይቅ በሩብ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል ይለወጣል? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው የውሃ ባለሙያው ነው፤ ባትሪ ከመምረጤ በፊት ከእርሱ ጋር አንድ ሲኒ ቡና መጠጣት አለብኝ ማለት ነው።

«በወረቀት ላይ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሲ አር 2032 ላይ የተጻፈው 220 የተለካው 0.2 ሚሊአምፔር በሚያህል በቀስታ በሚፈስ ፍሰት ነው። ውስጣዊ ተቃውሞው አዲስ ሲሆን ከ10 እስከ 20 ኦም ያህል ነው፤ እያለቀ ሲሄድ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ተቃውሞው 40 ኦም በደረሰ ጊዜ መሣሪያው በራዲዮ ለመላክ 15 ሚሊአምፔር ቢጠይቅ፣ 0.6 ቮልት በዚያው በሴሉ ውስጥ ይቀራል። 2.8 ቮልት የነበረው 2.2 ሆኖ ይደርሳል፤ ራዲዮው 2.4 የሚፈልግ ከሆነ ባትሪው ግማሽ እየቀረው መሣሪያው «ሞቷል» ተብሎ ይጣላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሴሉ ጎን ካፓሲተር ማሰር። 15 ሚሊአምፔር ለ5 ሚሊሰከንድ ከ0.2 ቮልት ባላነሰ ጉድለት ሳይሆን በ0.2 ቮልት ጉድለት ብቻ እንዲሰጥ ብንፈልግ፣ 375 ማይክሮፋራድ ያስፈልጋል፤ በገበያ የሚገኘው 470 ይበቃል። ነገር ግን ካፓሲተሩ ራሱ ያፈሳል። ርካሽ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ከተኛው መሣሪያ የሚበልጥ ፍሰት በልቶ ያድናል የተባለውን ዕድሜ መልሶ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ የሚያፈሰውን መጠን በወረቀቱ ላይ ማየት ግዴታ ነው።

ውጤቱ በስልክ አውታር ይላክ ከተባለ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። የጂ ኤስ ኤም መላኪያ ለአጭር ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል፤ ለጠፍጣፋው ሴል ይህ የማይታሰብ ነው። ቲዮኒል ክሎራይዱም ብቻውን አይችለውም። ከዚህም ሌላ፣ ይህ ሴል ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ሲቀመጥ በሊቲየሙ ላይ ስስ ሽፋን ያበቅላል። ሽፋኑ ነው በዓመት ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ እንዲያጣ ያደረገው፤ ከረዥም እንቅልፍ በኋላ ድንገት ሲቀሰቀስ ቮልቱ የሚወድቀውም በዚሁ ሽፋን ምክንያት ነው። አዲስ ቆጣሪ ሲተከል «ባትሪው የተበላሸ ነው» ተብሎ የሚመለሰው አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ ሲሆን፣ በአነስተኛ ጭነት ጥቂት ጊዜ ማሠራት ሽፋኑን ያነሣዋል።

ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚሞላ ሴልና ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ይሻላል የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ እስማማለሁ። የምለየው በዓይነቱ ነው። በስልካችን ውስጥ ያለው ዓይነት፣ 4.2 ቮልት ድረስ የሚሞላው፣ ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ መቀመጥን እጅግ ይጠላል። የሐዋሳ አየር ለዘብተኛ ነው፤ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ የተዘጋ ሳጥን ውስጡ ግን ከከተማው አየር ጋር አንድ አይደለም። ወደ አፋር የሚላክ ከሆነማ ባይነገር ይሻላል። እኔ የሊቲየም ብረት ፎስፌቱን እመርጣለሁ። ቮልቱ 3.2 ነው፤ በእኩል ክብደት የሚይዘው ኃይል ያንሳል። ሙቀትን በመቋቋምና በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ በመሞላት ግን ያኛውን ይበልጠዋል። በምሰሶ ላይ ለሚሰቀል መሣሪያ ደግሞ ክብደት ችግር አይደለም።

መብራት በሚጠፋበት አገር አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። የብዙ መሣሪያዎች ጠፍጣፋ ሴል የተገጠመው መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን እንዲጠብቅ ብቻ ነው። በርዳታ የመጣ መሣሪያ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ተካይ ሲጠብቅ ሴሉ ሌሊትና ቀን ይሠራል። 35 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዘው ትንሹ ሲ አር 1220፣ ሰዓቱ 3 ማይክሮአምፔር ቢጠቀም፣ በ16 ወር ባዶ ይሆናል። መሣሪያው ገና ሥራ ሳይጀምር ሰዓቱን ረስቷል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ስንረከብ፣ በሴሉና በማቀፊያው መካከል የምትገባው የፕላስቲክ ቁራጭ እስከ ተከላው ቀን እንዳትነሣ መጠበቅ አለብን።

ስለ ገበያው ጥቂት ልበል። በመርካቶም ሆነ በዚህ ከተማ ሱቆች፣ 18650 በተባለው ክብ ሴል ላይ 9,900 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። እውነተኞቹ ከ4,000 ገደማ የማያልፉ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ራሱ በሻጩ ላይ መስካሪ ነው። ሁለተኛው ምስክር ሚዛን ነው። እውነተኛው ሴል 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ከዚህ በብዙ የቀለለውን የወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ያጋልጠዋል። ጠፍጣፋውን በቴስተር መለካት ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ሊቲየም ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ቮልቱን አይቀንስምና። 470 ኦም በሚያህል ጭነት ለጥቂት ሰከንድ እያሠሩ ቢለኩት ይናገራል። በሴሉ አካል ላይ በቀጥታ ሶልደር ማድረግን በሚመለከት የምለው አጭር ነው፤ አይደረግም። ፋብሪካው ምላስ የበየደለት ሴል ይገዛል።

የመጨረሻው ነጥቤ ከቴክኒክ ይልቅ ከቤታችን ጋር የተያያዘ ነው። 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሴል በሕፃን ጉሮሮ ቧንቧ ላይ ልክ የሚሰነቀር መጠን አለው። ሲሰነቀር የሰውነት እርጥበት ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል፤ በአሉታዊው ጫፍ በኩል ብርቱ አልካሊ ይፈጠራል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥም ሥጋውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። «አልቋል» ተብሎ የተጣለው ሴል እንኳ ለዚህ የሚበቃ ኃይል አለው። ሕፃኑ ሊያስለው ወይም ምግብ እንቢ ሊል ይችላል፤ እናቱ ጉንፋን ይመስላታል። ስለዚህ የምንሠራው መሣሪያ የባትሪ ክዳን በቪስ የሚታሰር እንጂ በጥፍር የሚከፈት አይሁን። የአንድ ቪስ ዋጋ በንድፍ ስብሰባ ላይ ሲያከራክር አይቻለሁ፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን አልስማማም ብሎ መውጣት ይቻላል። ጠጋኙም የለወጠውን አሮጌ ሴል ሁለት ጎኑን በፕላስተር ለጥፎ በክዳን ዕቃ ያስቀምጠው፤ ጠረጴዛ ላይ አይተወው።

ከውጭ የምታስመጡ ደግሞ ዕቃው በአየር ሲጓዝ የሚጠየቀውን አስቀድማችሁ እወቁ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ብቻቸውን የታሸጉ የሊቲየም አዮን ሴሎች በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት አይወሰዱም፤ በጭነት አውሮፕላንም የሚሄዱት ከዐቅማቸው ከመቶ 30 በላይ ሳይሞሉ ነው። ከሻጩም የተባበሩት መንግሥታት 38.3 የተባለውን የፍተሻ ማስረጃ ጠይቁ። ማስረጃውን ሊሰጥ የማይችል ሻጭ ያቀረበው ዋጋ ርካሽ ቢሆን እንኳ እኔ ከእርሱ አልገዛም።